የምንተነፍሰው ኬሚካል የሰውነታችንን መከላከያ ምን ያደርገዋል? ለአዳማ ጋራዦች፣ ብየዳ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

አዳማ የመኪና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ያልፍባታል፤ ወደ አሰላ የሚሄደውም እዚሁ ይታጠፋል። ስለዚህ ጋራዡ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ ቀለም ቤቱ ሞልቷል። እዚያ ከሚሠራ ሰው ጋር ስለ ጢስና ስለ ቲነር ሽታ ብታወሩ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «ኧረ ለምደነዋል!»

እውነት ነው፣ አፍንጫ ይለምዳል። አንድ ሽታ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ከቆያችሁ ሽታው የጠፋ ይመስላችኋል። አየሩ ግን ያው ነው። ያንኑ ኬሚካል እየሳባችሁ ነው። ስለ መርዛማ ጢስ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያስበው መታፈንና ማሳል ነው። ሳንባ ምች ሲደጋገም፣ ጉንፋን አልላቀቅ ሲል፣ ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ ድንገት አስም ሲጀምረው ነገሩን ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። የምንተነፍሰው ኬሚካል ሳንባን ብቻ ሳይሆን በሽታ የሚከላከልልንን አቅም ጭምር ይነካል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ ሽታውን ከለመድነው በኋላ ነው የሚመጣው።

ከዚህ በታች ያለው በቅደም ተከተል የሚሠራ ነው። ብዙው ለጋራዥና ለብየዳ ሠራተኛ ነው፤ ለቤት የሚሆንም አለበት።

1. መጀመሪያ ውስጣችሁ የሚሆነውን እወቁ

አዋቂ ሰው በቀን ከ10 ሺህ ሊትር በላይ አየር ይስባል። አፍንጫውና የአየር ቧንቧው በስስ ንፍጥ የተሸፈኑ ናቸው። በንፍጡ ሥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ ቆሻሻና ጀርም ወደ ጉሮሮ እየገፉ ያወጣሉ። ይህን አልፎ እስከ ታችኞቹ የአየር ከረጢቶች የወረደውን ደግሞ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ይውጡታል። ማክሮፌጅ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው። ሲበዛበት ጩኸት ያሰማል፤ ደም ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት ይጎርፋሉ፣ ቦታው ይቆጣል፣ ያብጣል።

ኬሚካል ይህን ጥበቃ የሚጎዳባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው። አንዱ ማድከም ነው። የእንጨትና የከሰል ጢስ፣ የናፍታ ጢስ፣ ሲጋራ፣ ከአንዳንድ ሙጫና ከተጨመቀ እንጨት የሚወጣው ፎርማልዲሃይድ የተባለ ጋዝ እነዚያን ጥቃቅን ፀጉሮች ያዘገያሉ፣ ይጎዳሉ። ጥላሸት የጠገበ ማክሮፌጅም ባክቴሪያ ሲመጣበት እንደ ወትሮው አይውጥም። ድንጋይ፣ ሴራሚክና ኮንክሪት ሲቆረጥ የሚነሳው የሲሊካ ብናኝ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ የዋጠውን ማክሮፌጅ ይገድለዋል። የቲቢ ባክቴሪያን መያዝ ያለበት ያው ማክሮፌጅ በመሆኑ ሲሊካ የሚስቡ ሠራተኞች ለቲቢ ይበልጥ ይጋለጣሉ። የመገጣጠሚያ ቁርጥማትን የመሳሰሉ፣ መከላከያው የገዛ አካልን የሚያጠቃባቸው በሽታዎችም በእነሱ ላይ በብዛት ይታያሉ።

ሌላው ማሳሳት ነው። አንዳንድ ኬሚካሎች ከሰውነት ፕሮቲን ጋር ይጣበቁና መከላከያው ጠላት መጣ ብሎ እንዲመዘግባቸው ያደርጋሉ። አንዴ ከተመዘገቡ በኋላ ትንሽ ጠብታ ትበቃለች። የመኪና ቀለም ማጠንከሪያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ነጭ የደም ሕዋስ የሚመረትበትን የአጥንት መቅኒ መምታት ነው። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዝን የተባለው ንጥረ ነገር በሳንባ ገብቶ ከደም ጋር ይዞርና መቅኒውን ይጎዳል። ነጭ የደም ሕዋስ ይቀንሳል፤ ለረጅም ጊዜ የተጋለጠ ሰው ላይ የደም ካንሰር ያመጣል። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ደንብ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን የተፈቀደው ጣሪያ ከ1 ሚሊዮን እጅ አየር 1 እጅ ብቻ ነው። በቤንዚን እጁን የሚታጠብ መካኒክ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ጨምሩበት። አሞኒያና ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉት በውኃ ቶሎ ስለሚሟሙ አፍንጫና ዓይን ላይ ያቃጥላሉ፤ ሰው ይሸሻቸዋል። ብየዳ ላይ የሚፈጠረው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና በኋላ የምመለስበት ፎስጂን የተባሉት ጋዞች ግን በውኃ ብዙ ስለማይሟሙ ብዙም ሳያቃጥሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ጉዳታቸው የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው፤ አንዳንዴ በማግሥቱ። «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ሌሊት ሳንባው ውኃ ሊሞላ ይችላል።

2. የምትጠቀሙበትን ሁሉ በስም መዝግቡ

ደብተር ያዙና በሥራ ቦታው ያለውን ቆርቆሮና ጠርሙስ ሁሉ ዙሩ። ቲነር፣ ቫርኒሽ፣ አንቲረስት፣ ስቱኮ፣ ማስቲሽ፣ ማጠንከሪያ፣ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ፣ የባትሪ አሲድ፣ በረኪና። እያንዳንዱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ይህ ፎቶ ነው።

ፎቶውን ስታነሱ ቀይ ክፈፍ ያላቸውን ነጭ የአልማዝ ቅርጾች ፈልጉ። ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር ያለበት የሰው ምስል ካያችሁ ዕቃው ለረጅም ጊዜ የሚቆይ የውስጥ ጉዳት የሚያመጣ ነው ማለት ነው፤ ካንሰር፣ አስም፣ የመካንነት ችግር ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ ላይ «ኤች 334» የሚል ኮድ ካለ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሲተነፍሱት አለርጂ ወይም አስም ያስነሳል።

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው በሃይላንድ ተገልብጦ የሚሸጠው ነው። ቲነሩም፣ አሲዱም፣ ቤንዚኑም የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው። ስም የለው፣ ምልክት የለው። ቢያንስ በፕላስተርና በማርከር ስሙንና የተገለበጠበትን ቀን ጻፉበት። ሻጩንም «ዋናውን ቆርቆሮ አሳየኝ» በሉት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

3. ለአንድ ወር ሰውነታችሁን ተከታተሉ

የእህቴ ልጅ ቀለም ቤት ረዳት ሆኖ ገባ። ከጊዜ በኋላ ማታ ማታ ማሳል ጀመረ። ቀን ደህና ነው፤ ከተኛ በኋላ ግን ደረቱ ያፏጫል። ቤተሰቡ በአዳማ ነፋስና አቧራ አመካኘ። ለፋሲካ አሰላ አያቶቹ ጋ ሄደ። አሰላ ብርድ ነው፤ ሳል የሚብሰው እዚያ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ሌሊቱን ለጥ ብሎ አደረ። ሥራ ሲመለስ ሳሉም ተመለሰ። ምርመራው ከመደረጉ በፊት መልሱ እዚያ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን ተሰማኝ፣ በስንት ሰዓት። ሳል፣ ማፏጨት፣ የደረት መጨነቅ፣ የዓይን ማቃጠል፣ ራስ ምታት፣ ማታ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ የቆሰለ ነገር ቶሎ አለመዳን፣ የተደጋገመ ጉንፋን። የዕረፍት ቀናችሁንም አትዝለሉ፤ ዋናው ማወዳደሪያ እሱ ነው። እሑድ የሚሻላችሁ፣ ሰኞ የሚመለስባችሁ ከሆነ ምንጩ ሥራ ቦታው ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባለውን ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ። በቀን አራት ጊዜ ያህል ንፉበትና ቁጥሩን ጻፉ፤ በሥራም በዕረፍትም ቀን፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት። ቁጥሩ በሥራ ቀን ከዕረፍት ቀኑ 20 በመቶ ገደማ የሚወርድ ከሆነ ሐኪሙ ከቃላችሁ በላይ ያንን ወረቀት ያምናል።

4. ብየዳ ላይ ከሆናችሁ

ብየዳ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ምክንያቱም የሰውነት መከላከያ እንዴት እንደሚቆጣ እንደ ብየዳ በግልጽ የሚያሳይ ሥራ የለም።

ዚንክ የተቀባ ብረት፣ ማለትም ጋልቫናይዝድ ቱቦ ወይም ላሜራ፣ ሲበየድ ነጭ ጢስ ይወጣል። ጢሱ የዚንክ ኦክሳይድ ብናኝ ነው። ሳንባ ውስጥ ሲገባ ማክሮፌጆቹ ልክ ኢንፌክሽን እንደመጣ የማንቂያ ኬሚካል ይረጫሉ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ላይ፣ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። የብረት ጢስ ትኩሳት ይባላል።

አዳማ ደግሞ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ብርድ ብርድ ያለውና ያተኮሰው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ያ ካልሆነ ታይፎይድን። ምርመራው ይደረግ፣ እሱ ትክክል ነው፤ ትኩሳትን በግምት ማለፍ አደገኛ ነው። ግን ለሐኪሙ «ዛሬ ጋልቫናይዝድ በይጄ ነበር» በሉት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ካልተነገረች ወባ የሌለበት ሰው የወባ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል።

ይህ ትኩሳት ብዙ ጊዜ ሰኞ የሚበረታው ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ በመጠኑ ስለሚለምደውና በዕረፍት ቀን ልማዱን ስለሚያጣ ነው። እንግዲህ «ለምደነዋል» የሚለው ነገር ትንሽ እውነት አለው፤ የሚቆየው ግን እስከ ቅዳሜና እሑድ ነው። የትኩሳቱ መጥፋትም የጉዳቱ መጥፋት አይደለም። የብየዳ ጢስ የሚስቡ ሠራተኞች በኒሞኮከስ ባክቴሪያ ለሚመጣ ሳንባ ምች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ጢሱ ባክቴሪያው በሳንባ ግድግዳ ላይ የሚጣበቅበትን መያዣ ያበዛለታል። እንግሊዝ አገር በዚህ ምክንያት ለበያጆች የኒሞኮከስ ክትባት ይመከራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጢስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠላቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል።

ምን ይደረግ? ከመበየዳችሁ በፊት ዚንኩን ከሚበየደው ቦታ ግራና ቀኝ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ፍቁት። ስትፍቁም ማስክ አድርጉ። የተቀባ ቀለም ወይም አንቲረስት ካለም እንደዚሁ። ጭንቅላታችሁን ከሚወጣው የጢስ ዓምድ ውስጥ አውጡ። ብዙ በያጅ የሚያየውን ለማጥራት አጎንብሶ ፊቱን ልክ ከጢሱ በላይ ያደርጋል፤ ደጅ ላይ ቢሠራም ጥቅሙን ያጣዋል።

ነፋሱን ተጠቀሙበት። ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይን የሚያዞረው ያ የአዳማ ነፋስ እዚህ ወዳጃችሁ ነው። ግን ጀርባችሁን አትስጡት። ነፋስ ከጀርባ ሲመጣ ከሰውነታችሁ ፊት ለፊት ይሽከረከርና ጢሱን ወደ ፊታችሁ ያመጣዋል። ነፋሱ ከጎን እንዲመታችሁ ሆናችሁ ቁሙ። ቬንትሌተርም ከሆነ እንዲሁ ከጎን አስቀምጡት፤ ጢሱን ወደ በሩ ይግፋው እንጂ ወደ ሌላው ሠራተኛ አይግፋው።

አንድ በጣም አስፈላጊ ማስጠንቀቂያ። ትራይክሎሮኢትሊን ወይም ፐርክሎሮኢትሊን ባለበት ቅባት ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ አትበይዱ፤ አጠገቡም አትበይዱ። የብየዳው ሙቀትና ብርሃን ማጽጃውን ወደ ፎስጂን ሊለውጠው ይችላል። ከላይ ያልኩት፣ ከሰዓታት በኋላ ሳንባ የሚሞላው ጋዝ እሱ ነው። የአንዳንድ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬዮች ዋና ይዘት ፐርክሎሮኢትሊን ስለሆነ ቆርቆሮውን አንብቡ።

ስቴንለስ የምትበይዱ ከሆነ ጢሱ ውስጥ አደገኛው የክሮሚየም ዓይነት አለና ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

5. ቀለም የምትረጩ ከሆነ

የመኪና ቀለም ሁለት ዓይነት ነው ብላችሁ ያዙት፦ በቲነር ቀጥኖ በራሱ የሚደርቅ፣ እና ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚጠነክር። ሁለተኛው ያብረቀርቃል፣ ይበረታል፣ ደንበኛም ይወደዋል። ማጠንከሪያው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት አለ።

አይሶሳያኔት ተንኮለኛ ነው። ሽታው ሳይሰማችሁ ከተፈቀደው መጠን በላይ አየሩ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሽታ ያለው ቲነሩ ነው። ሰዉ የሚፈራው ቲነሩን ነው፤ አስም የሚያስይዘው ግን ሌላው ነው። መከላከያው «ጠላት» ብሎ እስኪመዘግበው ሳምንታት ወይም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። አንድ ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሆን ረጭቶ በአንድ ወር ውስጥ አስም ሊይዘው የሚችለው ለዚህ ነው። ከተመዘገበ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው በጎረቤት ክፍል ሲረጭ እንኳ ደረቱ ሊዘጋ ይችላል። በጊዜ ከሥራው የራቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። እያሳለ የቀጠለ ግን ቋሚ አስም ይዞ ይቀራል።

የምታደርጉት እንዲህ ነው። ማጠንከሪያ ያለው ቀለም ሁሉም ሰው በሚሠራበት አዳራሽ መሃል አይረጭ። የተለየ ቦታ ይኑረው፤ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ይኑረው። የሚረጨው ሰው ብቻ ይግባ። ሻይ የሚያመጣው ልጅ፣ ደንበኛው፣ ወረቀት የሚለጥፈው ረዳት ከዚያ ይውጡ። ረዳቱን ያሰመርኩበት ማስክ የሌለው ብዙ ጊዜ እሱ ስለሆነ ነው።

መርጨት ስታቆሙ ጭጋጉ አብሮ አያቆምም። የማይታይ ሆኖ፣ ማራገቢያው ደካማ በሆነበት ክፍል ከ20 ደቂቃ በላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። «ጨረስኩ» ብሎ ወዲያው ማስክ አውልቆ ቀለሙን ጠጋ ብሎ መመልከት በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ውጡና ውጭ አውልቁ። የደረቀውን ቀለምና ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍጉም በተቻለ መጠን በውኃ አርጥባችሁ ፈግፍጉ። ስትቀላቅሉ ጓንት አድርጉ፤ አይሶሳያኔት በቆዳ በኩልም ገብቶ መከላከያውን ሊያስቆጣ እንደሚችል የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ።

6. ትክክለኛውን ማስክ ምረጡ

የእህቴን ልጅ ስለ ማስክ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ማስክማ አለን» ብሎ አገጩ ሥር የተንጠለጠለውን የጨርቅ ማስክ አሳየኝ። በኮሮና ጊዜ የለመድነው ያ ማስክ ለጋዝ ምንም አያደርግም። የሕክምናው ሰማያዊም እንደዚያው። ኤን 95 የሚባለው ጥሩ ብናኝ መከላከያ ነው፤ ለብየዳ ጢስ፣ ለሰጋቱራና ለድንጋይ አቧራ ይረዳል። የቲነር ትነትን ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል።

ለትነት የሚሆነው የካርቦን ካርትሪጅ ያለው የጎማ ማስክ ነው። በአውሮፓ ሥርዓት ለቲነርና ለመሰሎቹ የሚሆነው ካርትሪጅ ቡናማ ቀለበት አለው፤ በአሜሪካው ጥቁር። ለርጭት ከሆነ በላዩ የብናኝ ማጣሪያም ሊኖረው ይገባል። አይሶሳያኔት ላለበት ርጭት ግን ትክክለኛው መፍትሔ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ጋራዡ ያንን መግዛት ካልቻለ ማጠንከሪያ ያለውን ቀለም ደህና የመርጫ ክፍል ላለው ቤት ቢያሳልፈው ነው የሚሻለው።

ማስኩን ስታደርጉ ካርትሪጆቹን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ወደ ውስጥ ሳቡ። ማስኩ ፊታችሁ ላይ ከተጣበቀ ልክ ነው። አየር በጎን ከገባ ማሰሪያውን አስተካክሉ። ጺም ካለ በደንብ አይገጥምም። ሥራ ስትጨርሱ ካርትሪጁን በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት፤ ሜዳ ላይ ከዋለ ቲነር እየሳበ ያልቃል። ሽታ ማሳለፍ ሲጀምር ቆይቷልና ከዚያ በፊት፣ አምራቹ ባለው ጊዜ ቀይሩት።

7. ቤንዚን፣ ልብስ፣ መኖሪያ ቤት

እጅና ዕቃ በቤንዚን አትታጠቡ። ለዕቃ ናፍታም ቢሆን ከቤንዚን ይሻላል፤ ለእጅ ሳሙናና ሰጋቱራ ይበቃል። የቤንዚንና የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል። መኪና ሥር በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ዕቃ ማጠብ ደግሞ በጣም አደገኛ ነው። ክዳን ክደኑ። የረጠበ ጨርቅ ክዳን ባለው ባልዲ ይጣል።

የሥራ ቱታ ቤት አይግባ። ከገባም ልጅ አይቀፍበት፤ ከሌላው ልብስ ጋርም አይታጠብ።

ቤት ውስጥ ትልቁ ጉዳይ ከሰልና እንጨት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ እንደሞቱ ይገምታል። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ከእኛ የበለጠ አየር ስለሚስቡ፣ በጢስ ቤት የሚያድግ ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ምድጃውን በር ላይ አውጡት፤ ሕፃኑን በጀርባ አዝሎ ማብሰል ይቅር። ቡናው ላይ የሚጨሰውን ዕጣን ከልክሉ አልልም፤ መስኮቱ ይከፈት። ተለኩሶ የሚጨሰው ጥቅል የትንኝ ማባረሪያ ግን በተዘጋ መኝታ ቤት አይደር። አንድ ጥናት የአንዱ ጥቅል ደቃቅ ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ከሚያወጣው ጋር እንደሚስተካከል ለክቶታል። ለወባ አጎበር አለ።

በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋርም አይሆንም። አንድ ጊዜ ብቻ በብዛት የተሳበ ክሎሪን ለወራት የሚቆይ አስም መሰል ሕመም ሊያስከትል ይችላል። የእህል ነቀዝ ክኒን ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ይለቃል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ላለ እህል በጭራሽ አይደረግ።

8. ስለ ወተት

«ጢሱን ያጥባል» ተብሎ ብየዳ ቤት ወተት ይጠጣል። አንዳንድ አሠሪም ወተት ገዝቶ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ወተቱ ወደ ሆድ ነው የሚወርደው፤ ጢሱ ሳንባ ውስጥ ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ጠጡት። ግን በማስክ ምትክ አይሁን። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርትም ጉሮሮ ያለሰልሱ ይሆናል እንጂ አይሶሳያኔት አያወጡም።

መከላከያችሁን በእርግጥ የሚያግዘው ሲጋራና ሺሻ ማቆም፣ በቂ እንቅልፍ፣ በደንብ መብላት፣ የልጆችን ክትባት መጨረስ ነው። አገራችን ለሕፃናት የኒሞኮከስ ክትባትን በመደበኛነት መስጠት የጀመረችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ለአዋቂ በያጅ ክትባቱ ይገኝ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

9. ሐኪም ጋ እና አሠሪ ጋ

ደብተራችሁንና ፎቶዎቹን ይዛችሁ ሂዱ። ሥራችሁን በትክክል ተናገሩ፤ «ጋራዥ ነው የምሠራው» አይበቃም፣ «ማጠንከሪያ ያለው ቀለም እረጫለሁ» በሉ። የትንፋሽ ምርመራ ጠይቁ። በቤንዚንና በቲነር የምትሠሩ ከሆነ ሲቢሲ የተባለውን የደም ቆጠራ በየዓመቱ አሠሩና ወረቀቱን አስቀምጡ። የአንድ ጊዜ ቁጥር ብዙ አይናገርም፤ ነጭ የደም ሕዋሱ ከዓመት ዓመት ሲወርድ የሚታየው ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ምክንያቱ ጢስ ነው ብላችሁ ብታምኑም የቲቢ ምርመራ አድርጉ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ስለ አደጋው ሠራተኛውን እንዲያስተምር፣ አደገኛ ሥራ ላይ ላሉት በራሱ ወጪ የሕክምና ምርመራ እንዲያስደርግ ያስገድዳል። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም እንደ ሥራ ጉዳት ይቆጠራል። ነፍሰ ጡር ለጤናዋ አደገኛ የሆነ ሥራ እንድትሠራ አይፈቀድም። ጥያቄያችሁን ብቻችሁን ከምታቀርቡ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ በጽሑፍ አቅርቡ፤ ቅጂውን ያዙ።

10. ድንገት አንዱ ጢስ ቢመታው

በሩጫ አትግቡበት። ጉድጓድ ወይም ታንከር ውስጥ የወደቀን ሰው ሊያወጣ የገባው ሁለተኛው ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚሞተው። በር ክፈቱ፣ ምንጩን ዝጉ፣ ከነፋሱ አቅጣጫ ሆናችሁ አውጡት። ወደ ንጹሕ አየር ወስዳችሁ አስቀምጡት፤ መተንፈስ የሚከብደው ሰው በጀርባው አይተኛ። ኬሚካል የነካውን ልብስ አውልቁ። ዓይኑ ከተነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ወተት አታጠጡ፤ እንዲያስመልስም አታድርጉ።

ቢሻለውም ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ በተለይ ክሎሪን፣ የብየዳ ጋዝ ወይም የነቀዝ ክኒን ከሆነ። የዕቃውን ቆርቆሮ ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደሳበውም ተናገሩ። ወደ ቤት ከተመለሰ በዚያ ሌሊት ብቻውን እንዳያድር፤ ትንፋሽ ካጠረው፣ አረፋ ያለው አክታ ካወጣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እስኪነጋ ሳትጠብቁ መልሳችሁ ውሰዱት።